ተሸናፊው ለምን ተመልሶ ይመጣል?

በዲሴምበር 2018 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ፎርትናይት በተባለው የተኩስ ጨዋታ ውስጥ አንድ ሰይፍ ታየ። የተተከለው በረዷማ ተራራ አናት ላይ ነው፤ ያለውም አንድ ብቻ ነው። ካርታው ላይ ከሚወርዱት መቶ ሰዎች ቀድሞ የደረሰ ይነቅለዋል። የነቀለው ሰው ጤናውም ጋሻውም ከሌላው ሁሉ በላይ ይሆናል፣ በአንድ ዝላይ ሸለቆ ይሻገራል፣ ባላጋራው የገነባውን ምሽግ እየሰነጠቀ ይገባል። ከትምህርት ቤት መልስ ግማሽ ሰዓት ለሚጫወት ልጅ ሰርግና ምላሽ ነበር። አንድ ቀን እሱም አንደኛ ሊወጣ ነዋ!

ጣጣው የመጣው ከቀኑ ነው። ሰይፉ በወጣበት ዕለት እዚያው ጨዋታ ውስጥ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ያለው ውድድር ፍጻሜው እየተካሄደ ነበር። ለወራት የተለማመዱ ተጫዋቾች ተራራው ላይ ቀድሞ ባረፈ ሰው እየተቆረጡ ወደቁ። ጩኸቱ በረታ። አምራቹ ኤፒክ ጌምስ በሦስተኛው ቀን ሰይፉን አነሳና መሳሳቱን በይፋ አመነ።

ልብ በሉ፤ በዚህ ጠብ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ሁሉንም ነገር ችሎታ ብቻ ከወሰነ ደካማው ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ሁልጊዜ የሚሸነፍ ሰው ደግሞ ጨዋታውን ይተዋል። ዕድል ከወሰነ ደግሞ ጎበዙ ልፋቱን ምን ይብላው? የተኩስ ጨዋታ ሠሪዎች ይህን ገመድ ከሁለቱም ጫፍ መጎተት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በየዘመኑ የተለዋወጠው ለተሸናፊው የሚሰጠው ምክንያት ነው፤ ማለትም ከተሸነፈ በኋላ ነገ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገው ነገር።

መጀመሪያ ላይ ምክንያቱን የሚፈጥር ሰው አላስፈለገም። በ1993 መጨረሻ ቴክሳስ ያለው ኢድ ሶፍትዌር «ዱም»ን ሲያወጣ በአንድ መረብ የተያያዙ እስከ አራት ሰዎች እርስ በርስ እንዲታኮሱ ፈቀደ። ከሠሪዎቹ አንዱ ጆን ሮሜሮ ይህን ፍልሚያ «ዴዝማች» ብሎ ጠራው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አለ። በየቢሮውና በየዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር መረብ እስኪጨናነቅ ተጫወቱት። ደረጃ የለም፣ ማዕረግ የለም። የተሸነፈው ሰው ማን እንዳሸነፈው ያውቃል፤ ሰውዬው ከጎኑ ጠረጴዛ ተቀምጦ እየሳቀበት ነው። ብድሩን ለመመለስ ነገ ይመጣል።

በ1997 ከዚያው ቤት የወጣው «ኩዌክ» ትልቅ ውድድር ተደረገበት። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆን ካርማክ የራሱን ቀይ ፌራሪ ለአሸናፊው አስያዘ፤ መኪናውን ይዞ የሄደው «ትሬሽ» በሚል ስም የሚታወቀው ወጣቱ ዴኒስ ፎንግ ነው። ፕሮፌሽናል የሚባል ተጫዋች የተወለደው በዚያ ሰሞን ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሆኖም ፎንግ ፌራሪውን ያሸነፈበት ጨዋታ ማንም ሰው ቤቱ ከሚጫወተው አልተለየም። መሣሪያውም ካርታውም ሕጉም ያው ነው። ለጎበዝና ለሰነፍ የተለየ በር ገና አልተሠራም።

ከዚያ «ካውንተር ስትራይክ» መጣ። በ1999 ሚን ሌ እና ጄስ ክሊፍ የተባሉ ሁለት ወጣቶች «ሃፍ ላይፍ» በተባለው ጨዋታ ላይ ቀጥለው በትርፍ ሰዓታቸው ሠሩት፤ በ2000 ቫልቭ ኩባንያ ራሱ ለገበያ አወጣው። ሕጉ ጨካኝ ነው። በአንድ ዙር አንድ ሕይወት ብቻ አለህ፤ ከሞትክ ዙሩ እስኪያልቅ ቁጭ ብለህ ሌላውን ታያለህ። ለጀማሪ ከዚህ የከፋ ሕግ ማሰብ ይከብዳል። በሦስተኛው ሴኮንድ የሞተ ሰው ቀሪውን ደቂቃ ሁሉ ተመልካች ነው። ታዲያ ይህ ጨዋታ እንዴት ዓለምን አዳረሰ?

መልሱ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ጨዋታው የሚካሄድባቸውን ሰርቨሮች በብዛት የሚከራዩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ። እያንዳንዱ ሰርቨር ስም አለው፣ አድሚን አለው፣ ደንበኛ አለው። አንዱ ቤት ቀልድ የለም፤ አምስት ለአምስት፣ ቡድን ለቡድን ይፋለማሉ። ሌላው ቤት ሠላሳ ሰው ታጭቆ ይጯጯሃል። ተኩሱን ጨርሶ የረሳም ነበር፤ ዘንበል ባለ ግድግዳ ላይ መንሸራተት ብቻ የሚቻልባቸው ካርታዎች ተሠርተው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይንሸራተት ነበር። የሞተው ሰው ከሙታን ጋር ወሬ ይይዛል። በወሬው መሃል ማን ፈተና እንዳለበት፣ ማን ከሥራ እንደተባረረ ይሰማል። ጎበዙና ሰነፉ አንድ ቤት ውስጥ ስለሆኑ ሰነፉ ከጎበዙ ይማራል፤ ጎበዙም አንዳንዴ ሽጉጡን ጥሎ በቢላ ብቻ ይጫወትለታል። እንዲህ ያለውን ምሕረት ያስገደደ ኩባንያ አልነበረም። ቤቱ ባዶ እንዳይቀር ተብሎ የተደረገ ነው።

ዘመኑን ማር አድርጎ መሳል ግን ውሸት ይሆናል። አድሚኑ ትንሽ ንጉሥ ነበር፤ ደጋግሞ የገደለውን ሰው «ትሰርቃለህ» ብሎ ያባርራል። አፋቸው ያልታረመ ብዙ ነበሩ፤ ሴት ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ይብስ ነበር። ወዳጅ ያላገኘ ጀማሪ ሲታረድ አምሽቶ ኮምፒውተሩን ይዘጋል፤ እንደዚያ ተበሳጭቶ የወጣውን ሰው የቆጠረለት የለም። ቤቱን የሚያደንቁት እዚያ የቀሩት ናቸው።

ኩባንያዎቹ ይህን ሲያዩ ሌላ መንገድ ፈለጉ። መንገዱ የተገኘው ከቼዝ ነው። በሃንጋሪ የተወለደው አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኤሎ የቼዝ ተጫዋቾችን በቁጥር የሚመዝን ስሌት አውጥቶ ነበር፤ የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን በ1960፣ ዓለም አቀፉ ደግሞ በ1970 ተቀበለው። ከአንተ የሚበልጠውን ስታሸንፍ ብዙ ነጥብ ታገኛለህ፤ ከአንተ የሚያንሰውን ስታሸንፍ ጥቂት። በካምብሪጅ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ ለቡድን ጨዋታ አሻሽለው «ትሩስኪል» አሉት። የእነርሱ ስሌት ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ አንዱ የችሎታው ግምት ነው፣ ሌላው ስሌቱ በግምቱ ምን ያህል እንደሚጠራጠር። ብዙ በተጫወትክ ቁጥር ጥርጣሬው ይቀንሳል። የሰፈር ኳስ የተጫወተ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ሁለት አምበሎች ተራ በተራ ሲመርጡ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ አምበሉ በዓይኑ ይገምታል፣ ማሽኑ በሒሳብ።

በኖቬምበር 2004 የወጣው «ሄሎ 2» ተጫዋቹን ሰርቨር ከመምረጥ አሳረፈው። የምትፈልገውን የጨዋታ ዓይነት ትነካለህ፤ ማሽኑ ተጋጣሚ ፈልጎ ያገናኝሃል። ከስምህ ጎን ከ1 እስከ 50 የሚደርስ ቁጥር አለ። ሦስት ዓመት ቆይቶ የመጣው «ሄሎ 3» ደግሞ ሁለት በር ከፈተ። በአንዱ የሚገባው ለደረጃ ይጫወታል፤ በሌላው የሚገባው ለመጫወት ብቻ። ዛሬ በየጨዋታው የምናየው መለያየት መልክ የያዘው እዚህ ነው።

ጀማሪው እፎይ አለ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ከመሰለ ሰው ጋር ተጋጠመ። ቁጥሩ ግን ሌላም ነገር ይዞ መጣ። 50 የደረሰ ሰው ላለመውረድ ሲል መጫወት ያቆማል። ሌላው አዲስ ስም ያወጣና ከጀማሪዎች መሃል ገብቶ ያርዳቸዋል። ይህ የኋለኛው ልማድ ስሙን ያገኘው ቀደም ብሎ ነው፤ በ1996 ገደማ «ዋርክራፍት 2» የሚጫወቱ ሁለት ታዋቂ ሰዎች ስማቸውን ያየ ሁሉ ስለሚሸሻቸው ከአንድ የካርቱን ፊልም በተወሰዱ ስሞች ተደብቀው ይገቡ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተደበቀ ጎበዝ ሁሉ «ስመርፍ» ይባላል። ደረጃው እንግዲህ ደካማውን ሊጠብቅ ተሠርቶ ለአዳኙም ጥሩ ዋሻ ሆነለት።

2007 የተለየ ዓመት ነበር፤ በአንድ መጸው ሁለት ሌሎች መልሶች ተሰጡ። የ«ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4» መልስ ሽልማት ነበር። ብትሸነፍም ነጥብ ታገኛለህ፤ ነጥቡ ደረጃህን እስከ 55 ያወጣዋል፤ በየደረጃው አዲስ መሣሪያ ይከፈትልሃል። ተሸናፊው ባዶ እጁን አይወጣም። አዲስ ጠመንጃ እስኪከፈትለት ሁለት ግጥሚያ ቀርቶት ማን ይተኛል? ይህ ዘዴ ከተኩስ ጨዋታ አልፎ በስልካችን ያለውን መተግበሪያ ሁሉ ወርሷል። የሚገርመው፣ ያው ጨዋታ ሳይሞት ሦስት ሰው ለገደለ ራዳር፣ አምስት ለገደለ የአውሮፕላን ድብደባ፣ ሰባት ለገደለ ሄሊኮፕተር ይሰጥ ነበር። ለደካማው በቀኝ እጁ የሰጠውን በግራው ለጉልበተኛው ይጨምርለታል።

የ«ቲም ፎርትሬስ 2» መልስ ይበልጥ ደፋር ነው፤ ዕድልን ሆን ብሎ አስገባ። አንድ ጥይት በድንገት የሦስት እጥፍ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ለብዙዎቹ መሣሪያዎች ዕድሉ 2 በመቶ ነው፤ ባለፉት ጥቂት ሴኮንዶች ብዙ ጉዳት ላደረሰ ሰው እስከ 12 በመቶ ይወጣል። አንድ ጀማሪ ዓይኑን ጨፍኖ በተኮሰው ሮኬት የሰፈሩን ጀግና ሊጥል ይችላል፤ ጀግናው ይሳደባል፣ ሌላው ይስቃል። ከዕድሉ የሚበልጠው ግን የሥራ ክፍፍሉ ነው። ከዘጠኙ ገጸ ባሕርያት አንዱ ሐኪም ነው፤ ማለም የማይችል ሰው ጓደኛውን እየተከተለ ሲያክም ሊውል ይችላል። መሐንዲሱ ራሱ የሚተኩስ ማሽን ተክሎ ይጠብቃል። እጁ ለዘገየ ሰው በቡድኑ ውስጥ ቦታ ተገኘለት። ይህ ምናልባት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ የተሻለው ነው፤ ምክንያቱም ደካማውን በምጽዋት አያኖረውም፣ ያስፈልገዋል እንጂ።

ለውድድር የሚጫወቱት ደግሞ የራሳቸውን ቤት ሠሩ፤ ስድስት ለስድስት ሆነው፣ የዕድል ጥይቱን አጥፍተው ይፋለማሉ። ማንም ማንንም አልከለከለም። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ተኖረ።

በሜይ 2016 ብሊዛርድ «ኦቨርዎች»ን አወጣ። በዚያው ክረምት ቫልቭ «ቲም ፎርትሬስ 2»ን በአዲስ መልክ አደራጀው፤ ጊዜው መገጣጠሙን ብዙዎች እንደ አጋጣሚ አላዩትም። በጁላይ ይፋዊ የውድድር በር ተከፈተ፤ የቆየው ፈጣን መግቢያ ተዘጋና በምትኩ ተጋጣሚ የሚመድብ «ካዡዋል» የሚባል በር መጣ። ዘና ብሎ መጫወት ራሱ ደንብ ተጻፈለት። ቀድሞ ሰው እንደፈለገ ገብቶ ይወጣ፣ ቡድን ይቀይር፣ ከግጥሚያ በኋላ እዚያው ይቆይ ነበር፤ በአዲሱ ደንብ መጀመሪያ ላይ ግን ግጥሚያው ሲያልቅ ይበተን ነበር። ተቃውሞው እሳት ነበር፤ ቫልቭ ከተቃውሞው በኋላ ደንቡን በየጊዜው አላላው። የውድድሩ በር ግን እስካሁን ሰው የራቀው ነው። የሚወዳደሩት ቀድሞውንም ቤት ነበራቸው።

«ኦቨርዎች» ሌላ ትምህርት ነው። ሲወጣ ስድስቱም የቡድን አባላት አንድ ዓይነት ጀግና መምረጥ ይችሉ ነበር። ስድስት ጎሪላ በአንድ ላይ ሲዘሉ ማየት ሞኝነት ነበር፤ ደስታም ነበር። በጁን መጨረሻ የውድድር በር ተከፈተ። በመጀመሪያው ዙር ግጥሚያ እኩል ከሆነ ማን እንደሚያጠቃ በሳንቲም ይወሰን ነበር! ተወዳዳሪዎቹ ይህን እንዴት እንደተቀበሉት መገመት አይከብድም፤ ሳንቲሙ ለሁለተኛው ዙር አልደረሰም። «ለአንድ ቡድን አንድ ጀግና አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለው ሕግም ለውድድሩ ወጣ። እስከዚህ ድረስ አግባብ ነው። ነገር ግን በኖቬምበር ያው ሕግ ወደ ተራው በር ተሻገረ፤ ስድስቱ ጎሪላዎች «አርኬድ» ወደሚባል ሦስተኛ ክፍል ተዛወሩ። በ2019 ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ገና ሳይገባ ሚናውን እንዲመርጥ ተወሰነ፤ ሁለት ጋሻ፣ ሁለት ተኳሽ፣ ሁለት ሐኪም። ሕጉ መጀመሪያ የመጣው በፕሮፌሽናል ሊጉ ነው፤ እዚያ ሦስት ጋሻና ሦስት ሐኪም ያሰለፈ ቡድን እያሸነፈ ተመልካቹን አሰልችቶ ነበር። ከሊጉ ወደ ውድድሩ በር፣ ከዚያም ወደ ተራው በር ወረደ። የቀድሞው ልቅ ጨዋታ እንደገና ወደ አርኬድ ተላከ።

ሕጉ በየደረጃው ሲወርድ ለምን መጣ ተብሎ የተጠየቀ አይመስልም። ከሥራ የመጣ ሰው ተኳሽ መሆን አማረው፤ ተኳሽ መሆን ያማረው ሰው ብዙ ነው፣ ጋሻ መሆን የሚፈልግ ጥቂት። ስለዚህ ተኳሹ ወረፋ ይጠብቃል። ወረፋው እየረዘመ ሄዶ በኦክቶበር 2022 «ኦቨርዎች 2» ሲመጣ ቡድኑ ከስድስት ወደ አምስት ወረደ፤ የተቀነሰው አንዱ ጋሻ ነው። በ12 ቡድን፣ ለአንድ ቡድን 20 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎበታል እየተባለ በ2018 የተጀመረው ሊግ ደግሞ ከ2023 የውድድር ዘመን በኋላ ተዘጋ። ሊጉ ሲሄድ በሊጉ ምክንያት የወጡት ሕጎች ግን ብዙዎቹ ቀሩ።

ባለሰይፉ ኤፒክ በበኩሉ ከ2018ቱ ቅጣት የተማረ አይመስልም ነበር። በጁላይ 2019 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የፎርትናይት ዓለም ዋንጫ የ16 ዓመቱ ካይል ጊርስዶርፍ 3 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ ዋንጫው ባለቀ በቀናት ውስጥ ኩባንያው ሮኬት የሚያዘንብ ግዙፍ ሮቦት አስገባ። ጩኸት እንደገና ተነሳ። ኤፒክ በዚህኛው ጊዜ አልደነገጠም፤ ዓላማው ማንም ሰው ሊያሸንፍ የሚችልበት ጨዋታ ማቅረብ እንደሆነ ጽፎ ተከራከረ። በዚያው ዓመት መጸው ደግሞ በኮምፒውተር የሚነዱ ተጫዋቾችን በግጥሚያው ቀላቀለ፤ ችሎታህ ባነሰ ቁጥር ብዙዎቹን ታገኛለህ። ለተሸናፊው የሚሸነፍለት ተፈጠረለት ማለት ነው። ዘዴው ይሠራል። ቢሆንም ባዶነት አለው፤ የገደልከው ሰው ሰው አልነበረም።

የተሻለው እርምጃ የመጣው በማርች 2022 ነው። ፎርትናይትን ከሌሎች የለየው ግንባታ ነበር፤ ጎበዞቹ ግን በሴኮንዶች ውስጥ ፎቅ እየሠሩ ስለሚወጡ ጀማሪው ቀና ብሎ ሲያይ ያልቅለታል። ኤፒክ ግንባታውን ለጥቂት ቀናት ካነሳ በኋላ ያለ ግንባታ የሚጫወቱበትን በር ለብቻው አቆመ። ብዙ ሰው ተመለሰ። የጎበዙ ጨዋታ አልተነካበትም። ለደካማው የተሰጠውም የተቀነሰ ጨዋታ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሌላ ጨዋታ ነው።

ከሁሉም የሚያከራክረው ማስረጃ የወጣው በጁላይ 2024 ነው። የኮል ኦፍ ዲዩቲ ባለቤት አክቲቪዥን በዚያ ዓመት መጀመሪያ በሰሜን አሜሪካ ግማሽ ለሚሆኑት ተጫዋቾች ሳይነግራቸው ችሎታን የሚያመዛዝነውን ስሌት አላልቶ ነበር። ጎበዞቹ ለዓመታት «ስሌቱ ይነሳልን፣ ከሥራ መልስ እንኳ እንደ ፍጻሜ ውድድር ያልበናል» እያሉ ሲጮኹ ነበርና፣ የጠየቁትን አገኙ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተጫዋቹ 90 በመቶ የሚሆነው መመለሱን ቀነሰ፤ ከላይ ያሉት 10 በመቶ ግን አዘውትረው መጡ። ኩባንያው ቀጥሎ የሚሆነውንም አስልቷል፤ ከታች ያሉት ሲሄዱ ከእነርሱ በላይ የነበሩት አዲሶቹ የታች ሰዎች ይሆናሉ፤ እነርሱም ይሄዳሉ።

ጥናቱ የኩባንያው የራሱ ነው፤ ሻጩ ስለ ሸቀጡ የጻፈውን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ደግሞም የሚመዝነው የተመላሹን ብዛት ብቻ ነው፤ የመጣው ሰው ደስ ብሎት ይሁን ልማድ ጎትቶት፣ ስሌቱ አይጠይቅም። ቢሆንም በዋናው ነጥብ ላይ እውነቱ ከባድ ነው። «እንደ ድሮው ይሁን» ብሎ የሚጮኸው በድሮው ያሸነፈው ነው። የተሸነፈው ሰው አይጮኽም፤ አጥፍቶ ይተኛል።

ድሮን የሚናፍቁት ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ማሽኑ ጠላትን እኩል አደረገ፤ ጎረቤትን ግን ወሰደ። ዛሬ አንድ ሰው በሳምንት ብዙ መቶ ሰዎችን ያገኛል፤ ከእነርሱ አንዱንም ዳግመኛ አያይም። የሚሳደበው ሰው ነገ አይገናኘውም፣ ስለዚህ አያፍርም። ሽጉጡን ጥሎ በቢላ የሚጫወትለትም የለም፤ ለማያውቀው ሰው ብሎ ቁጥሩን ማን ያወርዳል?

ነገሩ እዚህ ደርሶ ሳለ፣ በኖቬምበር 2025 «ብላክ ኦፕስ 7» ወጣ። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በፊት ስሌቱ ሲላላ ሰው እንደሚሄድ የጻፈው ያው ቤት፣ ዋናው የመጫወቻ በር ችሎታን እምብዛም እንደማያመዛዝን አስታወቀ። ከማስታወቂያው ጋር አንድ ሌላ ለውጥ አለ፤ ግጥሚያው ሲያልቅ ተጫዋቾቹ አይበተኑም፣ ያሸነፈውና የተሸነፈው በዚያው ክፍል ቆይተው ቀጣዩን አብረው ይጀምራሉ።